ፒዛ ፍለጋ፦ ናፖሊ ወይስ ኒው ዮርክ?

ለፒዛ ብሎ የሚጓዝ ሰው ከጣሊያኗ ናፖሊና ከአሜሪካዋ ኒው ዮርክ አንዷን ማሰቡ አይቀርም። እኔ ብጠየቅ ናፖሊ እላለሁ።

የናፖሊ ፒዛ የሚጋገረው በእንጨት በሚነድ ምድጃ ነው። ሙቀቱ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ይበቃዋል። ጠርዙ ይነፋል፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ይላል። መሃሉ ግን ለስላሳና እርጥብ ነው። ደረቅ ያለ ፒዛ የለመደ ሰው «አልበሰለም እንዴ?» ሊል ይችላል። በስሏል! ትኩሱን፣ እዚያው ቁጭ ብለው ይብሉት፤ ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይጠፋል። ምግብ ቤቱን ለመፈተን ማርጋሪታ ይዘዙ። ከላዩ ያለው በዋናነት ቲማቲም፣ ሞዛሬላ የተባለው አይብና ባሲል (በሶብላ) ስለሆነ የሊጡን ጉድለት የሚሸፍን ነገር የለም። የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ሰፍሯል፤ ይገባዋልም።

የኒው ዮርኩ ሰፊና ስስ ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ደረቅ ይላል። በቁራጭ ይሸጣል። አጥፎ እየበሉ መንገድ መቀጠል ነው። ጊዜ ለሌለው መንገደኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት አራት ቤት መሞከር ይቻላል። ብቻ ወረፋ ያለበትን ቤት ይምረጡ፤ እዚያ ቁራጩ ብዙ ሳይቆይ ያልቃል፣ አዲስ ይወጣል።