ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ «የጨረር መለኪያ» ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «የተፈጥሮ ጨረር መለኪያ፣ ራሳችሁ የምትገጣጥሙት፣ ዕቃው ሙሉ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይዞራል። ኮምቦልቻ የሚማረው የእህቴ ልጅ ለመመረቂያ ሥራው አዘዘ። ሻጩ ቀብድ አይልም፤ ሙሉውን ቀድሞ ነው የሚቀበለው። «አብሽር፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ በሚኒባስ ላከለት። ስሙን አልጠራም። ዘዴውን ካወቃችሁ ይበቃል።

ልጁ ዕቃውን ይዞ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እኔ ዘንድ መጣ። ቦርድ አለ፣ ስክሪን አለ፣ ትንሽ ስፒከርም አለች። ጨረሩን የሚይዘው ጋይገር ቱቦ መኖር ባለበት ቦታ ግን በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ተበይዷል። ባትሪ ስናገባለት ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ፤ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት። የተፈጥሮ ጨረር እንዲህ አይመጣም። ሁለት ሦስቴ ተከታትሎ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ድንገት አንዴ።

ሻጩ ጋ ደወልን። «ደሴ ከፍታ ስለሆነች ጨረሩ በዝቶ ነው» አለን! ከፍታ ከህዋ የሚመጣውን ጨረር መጨመሩ እውነት ነው። ሰዓት አክባሪ ግን አያደርገውም።

ፕላስቲኩን ላጥነው። ባዶ የብረት ቱቦ፣ ጫፎቹ ከምንም ያልተገናኙ። ድምፁን የሚያወጣው 555 የምትባለዋ፣ በእኩል ጊዜ ምት የምትሰጥ አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ነበረች። እሷ በእውነተኛውም ዕቃ ላይ ልትኖር ትችላለች፤ እዚያ ግን ሥራዋ ቮልቴጅ ማሳደግ ነው። ኤስቢኤም-20 የሚባለው የሶቪየት ጋይገር ቱቦ ለምሳሌ 400 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፣ ተራ ቦታ ላይ በደቂቃ 20 ጊዜ አካባቢ ይቆጥራል። የእኛ ቦርድ ቮልቴጅ የሚያሳድግበት ኮይል እንኳ የለው።

ሌላም ሽወዳ አለ። መለኪያውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ቁጥሩ ሲወጣ ያሳያችኋል። ጋይገር ቱቦ የስልክ ሞገድ አይቆጥርም። ያ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ መለኪያ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እና ሳታዩ አትክፈሉ። አብርቶ ያሰማችሁ። ከዚያ አጥፍቶ ቱቦውን ይንቀልና እንደገና ያብራው። ያኔም መቁጠሩን ከቀጠለ ትታችሁት ሂዱ። ካጠፋችሁም በኋላ ካፓሲተሩ ቮልቴጅ ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ በእጃችሁ አትንኩት። ተራ ቴስተር ደግሞ ይህን ቮልቴጅ ጎትቶ ስለሚጥለው ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ በእሱ ብቻ ደህናውን ዕቃ አትጣሉ።

የልጁ ብር እስካሁን አልተመለሰም። የከፈላችሁ ካላችሁ የባንክ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ፣ አብረን ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሂድ።