የእናቴን ሳል ምንጭ ላገኙት ሐኪም

በቪዲዮ እናቴን ላከሙልን የውስጥ ደዌ ሐኪም ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። እናቴ የደም ግፊት ታማሚ ናት፤ እንቅልፍ የሚነሳ ደረቅ ሳል ይዟት ነበር። ዶክተሯ እናቴ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ አንድ በአንድ ካሜራው ፊት እንድናሳያቸው አደረጉን። ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ሲያዩ፣ መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ሳል እንደሚያመጣ አስረድተው ሎሳርታን በተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ቀየሩላት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ጥሪው ከተዘጋ በኋላ ያደረጉት ነው። ከማዘዣው ጋር በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ ማስታወሻ ላኩልን። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው እንደማይወሰዱ፣ ሳሉም በማግስቱ እንደማይጠፋ ነግረውናል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ይቆያል። እናቴን አውቃታለሁ፤ ይህች አንዲት መስመር ባትኖር መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ታቋርጠው ነበር።

የግፊት አለካኩንም አልተዉትም። መጀመሪያ ጀርባን አስደግፎ 5 ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማሳረፍ፣ ከዚያ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አለመጠጣት፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶ መጻፍ። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ እንድታደርግም አዘዙ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርሳቸው ራሳቸው ደውለው አብራሩላት፤ እናቴ እስክትረዳ ድረስም አልተቻኮሉም።

በማስታወሻው መጨረሻ ላይ ጎላ አድርገው የጻፉት ይህን ነበር፦ «የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የከንፈርና የምላስ እብጠት ከታየ እኔን አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።» በርቀት የሚያክም ሐኪም ለእኔ እንዲህ ያለው ነው። አክስቴ የጆሮ ሕመሟን ስትነግራቸውም መድኃኒት አላዘዙም፤ ጆሮ በመሣሪያ ታይቶ እንጂ በወሬ አይታከምም ብለው በአካል እንድትመረመር ላኳት።

አሁን የእናቴ ሳል ለቋታል፤ ግፊቷም ተስተካክሏል። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ። ብዙ መድኃኒት የሚወስድ ወላጅ ያላችሁ ሁሉ እኚህን ሐኪም ብታማክሩ ደስ ይለኛል። በግል ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛልና አድራሻቸውን እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው አጠገባችሁ አድርጉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።