መጽሐፉ ወይስ ተከታታይ ፊልሙ?

ስዊድናዊው ፍሬድሪክ ባክማን «አንክሸስ ፒፕል» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተመ። በ2021 ኔትፍሊክስ 6 ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም አድርጎ አቀረበው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ዘራፊ 6,500 ክሮነር ፈልጎ ባንክ ይገባል። ባንኩ ግን ጥሬ ገንዘብ የለውም። ዘራፊው ሲሸሽ የሚሸጥ አፓርታማ ሊያዩ የመጡ ሰዎች መሃል ዘው ይላል። የማይተዋወቁት ሰዎች ታጋቾች ሆነው ቁጭ! መርማሪ ፖሊሶቹ ደግሞ አባትና ልጅ ናቸው።

ፊልሙ ቀለል ያለ ነው። ከሥራ በኋላ ለደከመ ሰው ይስማማል።

እኔ ግን መጽሐፉን እመርጣለሁ። ለምን? በምርመራው ቃለ መጠይቅ። ፖሊሱ ይጠይቃል፣ ምስክሮቹ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ገጹን ይዤ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ከዚያ ድልድዩ ይመጣል። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሰው ከዚያ ላይ ዘሏል። ከታጋቾቹ አንዷ የሆነችው የባንክ ኃላፊ ዛራ እሱ የላከላትን ደብዳቤ እስካሁን ሳትከፍት በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። እዚህ ላይ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሰዎቹ በምን እንደተሳሰሩ የሚገባን ቀስ በቀስ ነው፤ ይህን ቀስታ ደግሞ ገጽ እንጂ ካሜራ አይሰጥም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ተራኪው መጀመሪያ ላይ ወሬ ያበዛል። እባካችሁ ታገሡት፣ አፓርታማው ውስጥ እስክትገቡ ብቻ።