ተጠቅልሎ በቅድሚያ ክፍያ የሚሸጥ ቆጮና ቡላ ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ የሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች፣ ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ዝግጅት አራት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተን በገዛነው ቆጮና ቡላ የደረሰብን ኪሳራ በሌላ ቤት እንዳይደገም ነው። በዓል በተቃረበ ቁጥር ተመሳሳይ ሽያጭ በየሰፈሩ እንደሚካሄድ ከጎረቤቶቼ ስለሰማሁ ዝም ማለቱ አግባብ መስሎ አልታየኝም።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አንድ ነጋዴ ታቦር ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ሰፈራችን እየተመላለሰ፣ ሁላ በተባለው የሲዳማ ደጋ ወረዳ ውስጥ ዓመት የሞላው የቆጮ ጉድጓድ እንዳለው፣ የዋጋውን ግማሽ አስቀድመን ብንከፍለው ጉድጓዱን ለእኛ ከፍቶ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ ደጃችን ድረስ እንደሚያደርስልን ይነግረን ጀመር። የጠየቀው ዋጋ በገበያ ከሚጠራው ዝቅ ያለ ነበር። «እትዬ፣ ይህ ለክትፎ ቤት የሚሄድ ነው» እያለ ያሳየን ናሙናም በእርግጥ የበሰለ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ሲጨበጥ የሚያያዝ ነበር። እኛም አንድ መቶ ኪሎ ቆጮና አሥር ኪሎ ቡላ አዘዝን፤ ናሙናው ከተባለው ጉድጓድ የወጣ መሆኑን ግን ማናችንም አላረጋገጥንም። ደረሰኝም አልጠየቅንም።

ዕቃው የመጣው ከመሸ በኋላ ነው። እያንዳንዳቸው ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ አራት ጥቅሎች በቃጫ ተጠፍረው ወረዱ፤ ነጋዴው መኪናው እንደሚጠብቀው እየነገረን ስላጣደፈን የአንዱን ጥቅል አፍ ብቻ ገልጠን አይተን ቀሪውን ገንዘብ ከፈልን። በማግስቱ ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ ስፈታው ከዳር በኩል ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ክፍል ደህና ቆጮ ነበር። መሐሉ ግን ገና ያልተብላላ፣ ቃጫው ያልለሰለሰ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጥሬ እንሰት ሆኖ ተገኘ። ኮባውን ለይቼ ብቻውን ስመዝነው ሁለት ኪሎ ተኩል ሆነ፤ የቀረውን ጨምቄ ስመዝን ደግሞ አሥራ አራት ኪሎ ብቻ ቀረኝ። ቆጮ ከመጋገሩ በፊት እንደሚጨመቅ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በደህና ቆጮ ላይ ይህን ያህል ውሃ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። የከፈልነው ግን ለኮባውም ለውሃውም ነው።

ነጋዴው «የሁላ ቆጮ» የሚለውን ስም ለምን እንደሚያስቀድም በኋላ ቆሜ ሳስበው ገባኝ። እንሰት ለዓመታት ካደገ በኋላ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ እርሾ ይጨመርበትና ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ይጫንበታል። አየር ሲነፈገው ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲድነቱ ሲጨምር የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ይዳከማሉ፣ ቆጮውም ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህ ሥራ በሙቀት ይፈጥናል፣ በብርድ ይዘገያል። ሞቃት በሆነ ቦታ በሳምንታት የሚደርሰው ቆጮ እንደ ሁላ ባለ ደጋ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ጉድጓዱም በየጊዜው እየተከፈተ መታሸትና ኮባውም መቀየር ይኖርበታል። ስለዚህ ከደጋ የመጣ ቆጮ የሚመሰገነው ጊዜውን ጠብቆ ሲወጣ ነው። ለበዓል ፈላጊ በዛ ተብሎ ያለጊዜው የተቆፈረ ከሆነ በዚያው ብርድ ምክንያት ከሌላው ሁሉ የባሰ ጥሬ ይሆናል። እናቶች ወራት የሚደክሙበትን ሥራ በዚህ መልኩ ማርከስ ከገንዘቡ በላይ አሳዝኖኛል።

የቡላው ጉዳይ ከቆጮው የከፋ ነው። ቡላ ከተፋቀው እንሰት ተጨምቆ የሚወጣው ፈሳሽ ሲረጋ ከታች የሚዘቅጠው ንጹሕ ስታርች ስለሆነ ዋጋው ከቆጮ ይበልጣል፤ ገንፎውም ለአራስና ለሕመምተኛ ይታሰባል። የገዛነው ቡላ ገንፎ ሲሠራ መልኩ ደብዝዞ የሊጥ ጠረን አመጣ። አንድ ወጣት ዘመዳችን አዮዲን እናድርግበት ብሎ ነበር፤ ነገር ግን አዮዲን የስንዴውንም የእንሰቱንም ስታርች ጥቁር ሰማያዊ ስለሚያደርገው ሁለቱን አይለይም። የሚለየው ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ አንድ እፍኝ ዱቄት በጥቂት ውሃ አሽታችሁ ጥቂት ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ በቀጭን የቧንቧ ውሃ ሥር ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ንጹሕ ቡላ ከሆነ ታጥቦ ያልቃል፤ ስንዴ ከተቀላቀለበት ግን እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር እጃችሁ ላይ ይቀራል። በእኛ እጅ ላይ ቀርቷል። ስንዴ በሐኪም ትእዛዝ የተከለከለ ሰው ቡላ ነው ብሎ ይህን ቢበላ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የበቆሎ ዱቄት ተቀላቅሎ ከሆነ ደግሞ በዚህ ዘዴ አይታወቅም።

እኔ ከእንግዲህ ጥቅል ሆኖ የሚመጣ ቆጮ ከመሐሉ ሳይከፈት፣ ኮባውም ተለይቶ ሳይመዘን ገንዘብ አልሰጥም። ከመሐሉ የወሰዳችሁትን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ውሃ በጣቶቻችሁ መካከል ከፈሰሰ ወይም ቃጫው ሲጎተት እንደ ክር ተያይዞ ከመጣ አትውሰዱት። ሽታውም ኮምጣጣ መሆን አለበት፤ የሚከረፋ ከሆነ መብላላቱ ቀርቶ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ነጋዴው በቀን ብርሃን ለመምጣት ፈቃደኛ ካልሆነ ግብይቱን ተዉት።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህን መብት ለመጠቀም ግን ከማን እንደገዛችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። እኛ በእጃችን የነበረው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አይሠራም። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ካጋጠማችሁ ቢያንስ ስሙን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር፣ የተከፈለውን ገንዘብና የዕቃውን ክብደት በወረቀት አስፍራችሁ በምስክር ፊት አስፈርሙት።

ከጥቅሎቹ የከረፋውን ክፍል ጥለነዋል። ጥሬ ሆኖ ያልበሰበሰውን ግን በቆጮ ሥራ ያረጁ አንዲት የሰፈራችን እናት ከደህና ቆጮ ጋር አሽተው፣ ኮባ በተነጠፈበት ባልዲ ጠቅጥቀው፣ ድንጋይ ጭነውበት አስቀመጡልን። የሐዋሳ ሙቀት ረድቶት ከአንድ ወር በኋላ ሲከፈት ጥሩ ሽታ ነበረው፤ ቃጫው ግን አሁንም ጠንካራ ስለሆነ በቢላ ደጋግመን እየከተፍን ነው የጋገርነው። በዓሉ ያን ጊዜ አልፎ ነበር። ለበዓሉ ቡሪሳሜ፣ ማለትም ከእንሰትና ከቅቤ ለሚሠራው የበዓል ምግብ፣ የሚሆን ሌላ ቡላ ግን ቀደም ብለን ከገበያ፣ እየታጠበ ተፈትኖ፣ በሙሉ ዋጋ ገዝተናል።