መጤ ተምች በበቆሎ ላይ፦ መልቀም ወይስ መርጨት?

መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ፣ ከቡሬ እስከ ሜጫ ያለ በቆሎ አምራች የሚያነሳው ጥያቄ ነው፦ ትሉን በእጅ መልቀም ይሻላል ወይስ ኬሚካል መርጨት? መልሱን የሚወስነው የማሳው ስፋትና የትሉ ዕድሜ ነው።

ወጪ
ለቀማ፦ ጉልበት እንጂ ብር አይፈልግም፤ ደቦ ካለ ቀላል ነው።
ርጭት፦ ኬሚካል፣ የጀርባ መርጫ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ።

ውጤት
ለቀማ፦ ትልቁን ትልም፣ ቅጠል ላይ በክምር የተጣበቀውን እንቁላልም ያጠፋል። በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ካልተደጋገመ ግን ከንቱ ድካም ነው።
ርጭት፦ በደንብ የሚገድለው ትንንሹን ትል ነው። ትሉ አድጎ የበቆሎውን እምብርት (አዲሱ ቅጠል የሚወጣበትን መሃል) እንደ መጋዝ ብናኝ ባለ ኩሱ ከደፈነው፣ መድኃኒቱ አይደርስበትም። «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ትሉ ሳያድግ፣ አመሻሽ ላይ፣ የመርጫውን አፍ (ኖዝል) ወደ እምብርቱ አዙሮ መርጨት፤ መጠኑ በመለያው ላይ የተጻፈው ብቻ።

ስጋት
ለቀማ፦ የለውም ማለት ይቻላል።
ርጭት፦ አንዱን ኬሚካል መደጋገም ትሉን ያላምደዋል፤ ክሎራንትራኒሊፕሮል ከተረጨ ቀጣዩ እንደ ስፒኔቶራም ያለ ሌላ ዓይነት ይሁን። ላምዳ ሳይሃሎትሪን የተባለው ኬሚካል ንብንም ይፈጃል። ጎረቤት ቀፎ ካለው አስቀድሞ መንገር ግድ ነው።

ለማን የትኛው?
ማሳው ከ1 ወይም ከ2 ጥማድ ካልበለጠና የቤተሰቡ ጉልበት ለሥራው ከበቃ፣ ለቀማ። ማሳው ሰፍቶ፣ በቆሎው ገና ከጉልበት በታች ሳለ ከ100 ተክል 20ው ከተበላ፣ ርጭት። በቆሎው አበባ ካወጣ በኋላ መርጨት ብር ማባከን ነው።