የፓሪስ ኦሊምፒክ የሜዳ ቴኒስ፦ ከወርቁ ይልቅ ነሐሱ ያሳየን

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 27 እስከ ኦገስት 4 ቀን 2024 የፈረንሳይ ግራንድ ስላም በየዓመቱ በሚደረግበት በፓሪስ ሮላን ጋሮስ የተካሄደውን የኦሊምፒክ የሜዳ ቴኒስ ውድድር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በቴሌቪዥን ተከታትያለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ዋና ዋናዎቹን ግጥሚያዎች ደግሜ አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ውድድር ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የሰርቢያዊውን የኖቫክ ጆኮቪችንና የስፔናዊውን የካርሎስ አልካራዝን የወንዶች ፍጻሜ ነው፤ ማስታወሱም ተገቢ ነው። እኔ ግን የኦሊምፒኩን ቴኒስ በየዓመቱ ከሚካሄዱት አራቱ ግራንድ ስላሞች የሚለየውና ጊዜ ሰጥቶ ማየትን የሚያስመኘው ሌላ ግጥሚያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም በግማሽ ፍጻሜው የተሸነፉት ሁለት ተጫዋቾች ለነሐስ ሜዳሊያ የሚያደርጉት ግጥሚያ ነው።

በሌሎቹ ውድድሮች በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፈ ተጫዋች ለጋዜጠኞች ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ የድርሻውን ገንዘብና የደረጃ ነጥብ ይዞ፣ ሻንጣውን ሸክፎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። በኦሊምፒክ ግን የሽልማት ገንዘብ የለም፤ ከ2016ቱ የሪዮ ውድድር ጀምሮ ደግሞ የደረጃ ነጥብም አይሰጥም። ቴኒስ ከረጅም ዓመታት መቋረጥ በኋላ በ1988 በሴኡል ወደ ኦሊምፒክ ሲመለስና ከዚያም በ1992 በባርሴሎና፣ በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱም ያለ ግጥሚያ ነሐስ ይሰጣቸው ነበር። ከ1996ቱ የአትላንታ ውድድር ወዲህ ግን ሦስተኛውን ደረጃ ተጋጥመው መለየት ግድ ሆነ። በእኔ ግምት ይህ ውሳኔ ለኦሊምፒኩ ቴኒስ ከተደረጉለት ማሻሻያዎች ሁሉ የላቀው ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ትልቁ ሕልሙ ከእጁ ባመለጠ ማግስት፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ተነሥቶ እንደገና እንዲታገል ያስገድደዋል፤ እንዲህ ያለውን ትግል በሌላ የቴኒስ መድረክ አናይም።

ኦገስት 3 ቀን ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ሙሴቲና ካናዳዊው ፌሊክስ ኦዤ-አሊያሲም ለነሐስ ሲገናኙ ሁለቱም ከከባድ ሽንፈት የመጡ ነበሩ። ሙሴቲ በሩብ ፍጻሜው የቀደመውን ኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት አሌክሳንደር ዝቬሬቭን 7-5፣ 7-5 አሰናብቶ በጆኮቪች ተሸንፏል። ኦዤ-አሊያሲም ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት አልካራዝ 6-1፣ 6-1 ረትቶት፣ በዚያው ቀን ከጋብሪዬላ ዳብሮውስኪ ጋር በድብልቅ ጥንድ ነሐስ አግኝቷል። የሙሴቲ ባክሃንድ (የእጁን ጀርባ ወደ ፊት አድርጎ የሚመታው ምት) በአንድ እጅ የሚመታ ነው፤ በቀይ አፈር ላይ ነጥራ ትከሻ ድረስ የምትወጣ ኳስ ለእንዲህ ዓይነቱ ምት ፈተና መሆኗን ቴኒስ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ 6-4 ወሰደ፤ ሁለተኛውን የካናዳዊው ሰርቭ (ነጥብ ማስጀመሪያ ምት) እና ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታው ምት) ስለበረታበት 6-1 ተነጠቀ። እኔ የምከታተለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ልክ በዚህ ሰዓት ግጥሚያውን አቋርጦ ወደ ሌላ ስፖርት ሄደ፤ የሦስተኛውን ምዕራፍ መጀመሪያ ሳላየው ቀረሁ። ለነሐስ የሚደረግ ግጥሚያ እንደ ትርፍ ነገር መቆጠሩ እስካሁን ያሳዝነኛል። ስርጭቱ ሲመለስ የተረጋጋ ሙሴቲን አገኘሁ፤ ኳሷን በዝግታ እያሽከረከረ ከፍ አድርጎ ይልካል፣ ተጋጣሚው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አጠር አድርጎ ከመረቡ ሥር ይጥላታል። 6-3 አሸነፈ። ጣሊያን ከዚያ ቀን በፊት በኦሊምፒክ ቴኒስ ያገኘችው ብቸኛ ሜዳሊያ ኡበርቶ ዴ ሞርፑርጎ በ1924 በዚያችው በፓሪስ ያመጣው ነሐስ ነበር፤ ልክ መቶ ዓመት መሆኑ ነው። በማግሥቱ ሳራ ኤራኒና ጃስሚን ፓኦሊኒ በሴቶች ጥንድ ወርቁን ጨመሩላት።

በሴቶቹ በኩል የነሐሱ ታሪክ ከዚህም የባሰ ልብ የሚነካ ነበር። ፖላንዳዊቷ ኢጋ ሽቪዮንቴክ በሮላን ጋሮስ እስከዚያ ድረስ አራት ጊዜ የነገሠች፣ ከ2021 ወዲህ በዚያ አፈር ላይ በነጠላ ያልተሸነፈች ተጫዋች ነበረች፤ ስለዚህ ወርቁ አስቀድሞ የተሰጣት ያህል ይወራ ነበር። በግማሽ ፍጻሜ ግን ቻይናዊቷ ዠንግ ቺንዌን 6-2፣ 7-5 ረታቻት፤ ያውም ሽቪዮንቴክ በሁለተኛው ምዕራፍ 4-0 እየመራች። ስታለቅስ አየናት። በማግሥቱ በአና ካሮሊና ሽሚድሎቫ ፊት ቆማ 6-2፣ 6-1 አሸነፈችና ለፖላንድ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ የቴኒስ ሜዳሊያ አስገኘች። ውጤቱን ብቻ ያነበበ ሰው ቀላል ግጥሚያ ይመስለው ይሆናል፤ ፊቷን ያየ ግን እያንዳንዷን ነጥብ ከራሷ ሐዘን ጋር እየታገለች እንዳገኘቻት ይመሰክራል። ዠንግም ዶና ቬኪችን 6-2፣ 6-3 አሸንፋ በነጠላ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ የእስያ ተጫዋች ሆነች፤ የዠንግ ድል ከዚህ የሰፋ ቦታ ይገባው እንደነበር አውቃለሁ፣ የእኔ ልብ ግን ከአንድ ቀን በፊት በተካሄደው ግጥሚያ ላይ ቀርቷል።

የጆኮቪች ወርቅ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ የሚገባን የነሐስ ግጥሚያዎቹን ስናስታውስ ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ ጄምስ ብሌክን አሸንፎ ነሐስ አገኘ። በ2012 ለንደን ላይ በሁዋን ማርቲን ዴል ፖትሮ ተሸንፎ አራተኛ ወጣ፤ ያ ዴል ፖትሮ ከሁለት ቀን በፊት በሮጀር ፌደረር 3-6፣ 7-6፣ 19-17 ከአራት ሰዓት በላይ በፈጀ ጨዋታ የተረታ፣ ከሜዳ ሲወጣ እግሩ የሚጎተት ሰው ነበር። በ2016 ያው አርጀንቲናዊ በመጀመሪያው ዙር አሰናበተው። በ2021 ቶኪዮ ላይ ጆኮቪች ነሐሱን በፓብሎ ካሬኞ ቡስታ ሲነጠቅ በንዴት ራኬቱን ሲሰባብር ዓለም አይቶታል። ፓሪስ ሲደርስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ በጉልበቱ ላይ ግራጫ መጠቅለያ አጥልቆ ነበር የሚጫወተው። ሃያ አራት ግራንድ ስላም ያለው ሰው የጎደለው ይኸው አንድ ወርቅ ብቻ ነበር።

ፍጻሜው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዱ የሌላውን ሰርቭ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰበረም፤ ማለትም ሌላው ሰርቭ ያደረገበትን ጨዋታ አልነጠቀውም። ሁለቱም ምዕራፎች በታይ ብሬክ (6-6 ሲሆኑ በሚደረግ የመለያ ጨዋታ) ተለዩ፤ ጆኮቪች 7-3 እና 7-2 ወሰዳቸው። ልክ ከሦስት ሳምንት በፊት በዊምብልደን ፍጻሜ በዚሁ በ21 ዓመቱ ወጣት 6-2፣ 6-2፣ 7-6 የተሸነፈ ሰው መሆኑን ለሚያስታውስ ተመልካች ይህ ለማመን የሚያስቸግር ነበር። ደግሜ ሳየው ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ፦ ታይ ብሬክ ሲጀመር አልካራዝ ይቸኩላል፣ ጆኮቪች ደግሞ በተቃራኒው ከእያንዳንዱ ሰርቭ በፊት ኳሷን ከወትሮው በላይ ደጋግሞ መሬት ላይ ያነጥራታል። የመጨረሻዋን ነጥብ ካገኘ በኋላ አፈሩ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያም ወደ ተመልካቹ ወጥቶ ሴት ልጁን አቀፈ። ከማንኛውም ግራንድ ስላም በኋላ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም፤ አልካራዝም በብር ሜዳሊያው ማልቀሱን ሳይ፣ ገንዘብም ነጥብም የሌለው ውድድር ለእነዚህ ሰዎች ምን ያህል እንደሚከብድ ተረዳሁ።

ስለ ሥፍራው በአጭሩ ልበል። ከ1992ቱ ባርሴሎና ወዲህ የኦሊምፒክ ቴኒስ በቀይ አፈር ላይ ሲካሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው። 15,000 ያህል ሰው የሚይዘው የፊሊፕ ሻትሪዬ ሜዳ ተከፋች ጣሪያ ስላለው በመክፈቻው ቀን ዝናቡ ሲወርድ ዋናዎቹ ግጥሚያዎች አልተቋረጡም፤ ጣሪያ በሌላቸው ሜዳዎች የተመደቡት ግን ለሌላ ቀን ተላለፉ። በሁለተኛው ዙር ጆኮቪችና ራፋኤል ናዳል ለስድሳኛ ጊዜ የተገናኙት በዚሁ ሜዳ ነው፤ ጆኮቪች 6-1፣ 6-4 አሸነፈ። ግጥሚያው አንድ ወገን ያጋደለ ነበር፤ ቢሆንም ናዳልን በዚያ አፈር ላይ ማየት በራሱ የሚያረካ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልግባ። የመጀመሪያውና ያለማመንታት የምነቅፈው የመስመር ዳኝነቱን ነው። በአፈር ሜዳ ላይ ኳሷ የምትተወው ምልክት ስለሚታይ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ይመረምራል የሚለው ልማድ በፓሪስም ቀጥሏል። አሜሪካዊቷ ኮኮ ጋውፍ ከቬኪች ጋር ስትጫወት የመስመር ዳኛው «ወጥታለች» ብሎ የጮኸው እሷ ኳሷን ከመምታቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ በሚል ከዋናው ዳኛ ጋር ተከራከረች፤ በመጨረሻም እያለቀሰች ጨዋታውን ቀጠለች። እንዲህ ያለውን ክርክር በአፈሩ ላይ ያለ ምልክት አይፈታውም፤ ተንቀሳቃሽ ምስሉን መልሶ ማየት ብቻ ነው የሚፈታው። በአራት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ዕድል የሚጫወት ሰው ምስሉን መልሶ የማየት መብት ሊነፈግ አይገባም።

ሁለተኛው የግጥሚያዎቹ ማጠር ነው። የወንዶቹ ነጠላ ፍጻሜ እስከ 2016 ድረስ ቢበዛ በአምስት ምዕራፍ ይካሄድ የነበረ ሲሆን ከቶኪዮ ወዲህ ቢበዛ ወደ ሦስት ዝቅ ብሏል። አጫጭር ግጥሚያ በበጋው ሙቀት ዘጠኝ ቀን ለሚጫወት ሰው እንደሚበጅ ይገባኛል፤ ብዙዎቹ በነጠላም በጥንድም ስለሚሰለፉ ምክንያቱ በቂ ነው። ነገር ግን በ2004 አቴንስ ላይ የሆነውን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ይቆጨዋል። ቺሊያዊው ፈርናንዶ ጎንዛሌዝ ለነሐስ ከቴይለር ዴንት ጋር ተጋጥሞ የመጨረሻውን ምዕራፍ 16-14 አሸነፈ፤ በዚያው ዕለት ደግሞ ከኒኮላስ ማሱ ጋር በጥንድ ፍጻሜ ተሰልፎ፣ አራት የመሸነፊያ ነጥቦችን (ተጋጣሚ ቢያገኛቸው ግጥሚያው የሚያልቅባቸውን) ተሻግሮ፣ በአምስት ምዕራፍ ለቺሊ በታሪኳ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣ። ማሱም በነጠላው ፍጻሜ ማርዲ ፊሽን በአምስት ምዕራፍ ረትቶ ሁለተኛውን ወርቅ ጨመረ። በዛሬው ደንብ ያ ሁሉ በሰዓታት ያጥር ነበር። ቢያንስ የወርቁ ግጥሚያ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም፣ አምስት ምዕራፍ ቢሆን እመርጣለሁ።

በጥንድ ጨዋታ ሦስተኛው ምዕራፍ ቀርቶ እስከ አሥር ነጥብ በሚደርስ ታይ ብሬክ መተካቱን ግን አስቀድሞ እንደምነቅፈው አስቤ ነበር፤ ብሪታንያዊው አንዲ መሪ ሐሳቤን አስለወጠኝ። በነጠላ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ብቸኛ ተጫዋች የሆነው መሪ በዚህ ውድድር ጨዋታ ሊያቆም መሆኑን አስታውቆ ከዳን ኤቫንስ ጋር በጥንድ ተሰለፈ። በመጀመሪያው ዙር ከጃፓናውያኑ ኬይ ኒሺኮሪና ታሮ ዳንኤል ጋር 4-9 እየተመሩ አምስት የመሸነፊያ ነጥቦችን አንድ በአንድ አትርፈው 11-9 አሸነፉ። በሁለተኛው ዙር ከቤልጂየማውያኑ ጋርም እንደገና ከሁለት የመሸነፊያ ነጥቦች አምልጠው 11-9 አለፉ። በሩብ ፍጻሜ በአሜሪካውያኑ ቴይለር ፍሪትዝና ቶሚ ፖል 6-2፣ 6-4 ተሸነፉ፤ የመሪ የተጫዋችነት ዘመንም እዚያው ተቋጨ።

ሦስተኛው ጉድለት የጊዜ ሰሌዳው ነው፤ ተጫዋቾቹ ከዊምብልደን ሣር ወደ ቀይ አፈር፣ ከቀይ አፈር ደግሞ ወዲያውኑ ወደ አሜሪካ ጠንካራ ሜዳዎች መሻገር ነበረባቸው፤ ይህንን በመፍራት የቀሩ መኖራቸው ለውድድሩ ጉዳት ነው። ከአንድ አገር በነጠላ ከአራት በላይ ተጫዋች አይሰለፍም የሚለውን ደንብ ግን እደግፈዋለሁ፤ ጠንካሮቹን አገሮች ቢገድብም በስድሳ አራቱ ተሰላፊዎች መካከል የብዙ አገር ሰንደቅ እንዲታይ ያደርጋል፤ በ2016 ሞኒካ ፑዪግ ለፖርቶ ሪኮ በታሪኳ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችውም እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ ገብታ ነው።

የፓሪሱን ውድድር ለማየት ጊዜው ላመለጠውና አሁን ቅጂውን ለማየት ላሰበ ሰው፣ ከወንዶቹ ፍጻሜ በፊት የሙሴቲንና የኦዤ-አሊያሲምን ግጥሚያ፣ ቀጥሎም ዠንግ ሽቪዮንቴክን የረታችበትን ግማሽ ፍጻሜ ከማግሥቱ የነሐስ ግጥሚያ ጋር አያይዞ እንዲያይ እመክራለሁ። በ2028 ውድድሩ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በምትገኘው በካርሰን በጠንካራ ሜዳ ላይ ይካሄዳል። ያን ጊዜ የጨዋታ ሰሌዳው እንደወጣ የምፈልገው የመጀመሪያው ነገር የነሐሱ ግጥሚያ ቀንና ሰዓት ነው፤ ሳያቋርጥ የሚያስተላልፍ ጣቢያም ከወዲሁ አፈላልጋለሁ።