ከቶኪዮ የአንድ ቀን የኪዮቶ ፓኬጅ ልትገዙ ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ አስሉት

ይህ ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለንግድ ቶኪዮ ለምትሄዱ ነው። ሥራው አልቆ አንድ ቀን ትተርፋለች። «ጃፓን ድረስ መጥቼ ኪዮቶን ሳላይ ልመለስ?» ይመጣል። ፓኬጅ ሻጩም የሚደርሰው ያኔ ነው። በቴሌግራም ይመጣል፣ በሆቴል በራሪ ወረቀት ይመጣል፣ አንዳንዴ አገር ቤት ቪዛውን ካሯሯጠላችሁ ደላላ ይመጣል።

የአክስቴ ልጅ የገዛው 78,000 የን ነበር። ወረቀቱ ሲያዩት ያማልላል፦ አምስት ታሪካዊ ቦታዎች፣ የመግቢያ ክፍያ ተካቶ፣ የሰባት ቀን የባቡር ፓስ በምርቃት። ከተመለሰ በኋላ ካልኩሌተር ይዘን ተቀመጥን።

ከአምስቱ ቦታዎች መግቢያ የሚያስከፍሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ኪንካኩጂ፣ ማለትም ወርቃማው ቤተ መቅደስ፣ 500 የን። ኪዮሚዙ የተባለው ቤተ መቅደስም 500 የን። ፉሺሚ ኢናሪ የተባለው የተራራ ቤተ መቅደስ የሚዘጋ በር የለውም፣ ቲኬት የለውም፣ ሌሊቱንም ክፍት ነው። የአራሺያማ የቀርከሃ ጫካ የሕዝብ መንገድ ነው። ጊዮን ደግሞ ሰፈር ነው። ስለዚህ «ክፍያ ተካቶ» ያሉት አንድ ሺህ የን ነው።

ምርቃት የተባለው ፓስ ይብሳል። መርካቶ ምርቃት ሲሰጡህ ዋጋው ላይ አይደምሩብህም። ይሄኛው ግን በትክክል ተደምሯል። ሰባት ቀን ያለ ገደብ በባቡር የሚያስጉዘው ፓስ ድሮ 29,650 የን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ወደ 50,000 የን ዘለለ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ደርሶ መልስ ወደ 28,000 የን ነው። አንድ ቀን ሄዶ ለሚመለስ ሰው ፓሱ ኪሳራ ነው። ይባስ ብሎ ከሁሉ ፈጣኑን ባቡር ኖዞሚን ለመሳፈር ፓስ ያለውም ተጨማሪ ይከፍላል። ካልከፈለ ዘገም በሚለው ባቡር፣ በሂካሪ፣ ይሄዳል፤ ኖዞሚ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚፈጅበትን መንገድ ሂካሪ ሁለት ሰዓት ከአርባ ያደርገዋል። ደግሞም ፓሱ የሚሰራው በአጭር ጊዜ ጎብኚነት ለገባ ነው። በተማሪ ወይም በሥራ ፈቃድ የምትኖሩ ከገዛችሁት ገንዘባችሁን በላችሁ።

እንግዲህ ባቡር 28,000፣ መግቢያ 1,000፣ የከተማ አውቶቡስና ሜትሮ የቀን ቲኬት 1,100፣ ምሳ ደግሞ 2,000 በሉት። 32,000 አካባቢ ነው። ከእጥፍ በላይ ከፍሏል ማለት ነው።

እኔን ያናደደኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ፉሺሚ ኢናሪ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ሰጧቸው! ቦታው የሚታወቅባቸው ቀያይ በሮች ተደርድረው ተራራውን እየወጡ የሚሄዱ ናቸው። እስከ ጫፍ ወጥቶ ለመመለስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ሃያ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ሰው ከሚተራመስበት የታችኛው ክፍል ፎቶ ተነስቶ ለመሮጥ ነው። ሰዉ የሚሳሳው ወደ ላይ ከፍ ሲሉ ነው፤ አስጎብኚው ግን ባንዲራውን እያውለበለበ «እንሂድ» ይላል። ቦታው ደግሞ ከኪዮቶ ጣቢያ በጄአር (የባቡር ድርጅቱ ነው) ናራ መስመር አምስት ደቂቃ ነው፣ 150 የን። ኢናሪ ጣቢያ ስትወርዱ በሩ ፊት ለፊታችሁ ነው። ይህን ለማሳየት አስጎብኚ ምን ያደርጋል?

ኪዮሚዙ ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። አውቶቡሱ የሚያቆመው ከታች ነው፤ ዳገቱን መውጣትና መውረድ ራሱ ግማሹን በላ። የኪንካኩጂ ሠላሳ ደቂቃ ግን አያስከፋም፣ እውነቱን ለመናገር። ውስጡ አይገባም፤ ከኩሬው ማዶ አይቶ መንገዱን ዞሮ መውጣት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው የምታዩት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1955 እንደገና የተሠራ መሆኑን ነው። የቀድሞውን በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጠለው።

ሙሉ አንድ ሰዓት የወሰደው ምን መሰላችሁ? «የእጅ ሥራ ማዕከል» የተባለ ሱቅ። ከአምስቱ ታሪካዊ ቦታዎች አንዱ እንኳ አይደለም። አራሺያማን በአውቶቡስ መስኮት አሳዩአቸው።

ጊዮንን «የጌይሻ ሰፈር»፣ ማለትም በባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሴቶች ሰፈር፣ የሚለውንም ተጠንቀቁ። የጊዮን ዋና ጎዳና ለሁሉም ክፍት ነው። ጠባቦቹ የግል መተላለፊያዎች ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለጎብኚ ተከልክለዋል፤ የገባ 10,000 የን ይቀጣል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በጎዳናው ላይ በጃፓን ባህላዊ ልብስ በኪሞኖ አጊጠው የምታዩአቸው ብዙዎቹ ልብስ የተከራዩ ጎብኚዎች ናቸው።

ፓኬጅ ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። እናቱን ይዞ የሚሄድ፣ መራመድ የሚከብደው፣ የተዘጋጀ ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን ከመክፈል በፊት ሻጩን በየቦታው ስንት ደቂቃ እንደምትቆዩ ጠይቁት፣ በጽሑፍ ይስጣችሁ። «እናልፋለን» የሚለው ቃል ካለ ከአውቶቡስ አትወርዱም ማለት ነው። ሱቅ ስንት ጊዜ እንደሚቆም ጠይቁ። በየትኛው ባቡር እንደምትሄዱ ጠይቁ። የሚያቅማማ ከሆነ ተዉት፤ ቲኬቱን ጣቢያ ካለው ማሽን በእንግሊዝኛ መቁረጥ ይቻላል። በአዲስ ዓመት፣ በኤፕሪል መጨረሻና በኦገስት አጋማሽ ግን ኖዞሚ ላይ ቀድሞ ወንበር ያስያዘ ብቻ ስለሚቀመጥ ቀድማችሁ ቁረጡ።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ መሰረዝ ከፈለጋችሁና ሻጩ ጃፓን የተመዘገበ የጉዞ ድርጅት ከሆነ፣ በአገሩ መደበኛ ውል የአንድ ቀን ጉዞ ስረዛ ቅጣት የሚጀምረው ከጉዞው አሥር ቀን ሲቀር ነው፣ በ20 በመቶ። ሰባት ቀን ሲቀር 30፣ ዋዜማው ላይ 40፣ በዕለቱ ደግሞ ጉዞው ሳይጀመር 50 በመቶ ይደርሳል። የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁት። በቴሌግራም ስም ብቻ ላለው ደላላ ግን ይህ ውል አይሠራም፣ ስለዚህ ለእሱ ሙሉውን ቀድማችሁ አታስተላልፉ።